እህቴ እምቢ ስትል

አባቴ ሰቆጣ ከተማ ዳር ባለ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። ከጎረቤት ወረዳዎቻችን ከዝቋላና ከሰሃላ በእግር የመጡ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ጎረምሶች እንኳ ፊታቸው ቆመው ቀና ብለው አያዩም። «ድገም» ያሉት ተማሪ «ይበቃል» እስኪሉት ይደግማል። እኒሁ ሰው ቤት ገብተው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን «በሩን ዝጊው» ሲሏት «አንተ ዝጋው» ትላቸዋለች።

እኛ ሌሎቹ ልጆች አባየን እርስዎ እያልን ነው ያደግነው። እሷም ብላ ታውቃለች። አንድ ቀን ተወችው፣ አልተመለሰችበትም።

«አንተ ዝጋው» ያለች ቀን በሩ እንደተከፈተ ራት በላን። ከተከዜ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። አባየ ከወጡ ላይ አቧራ በጣታቸው እየገፉ በሉ። እናቴ ተነስታ ልትዘጋው ስትል «ተቀመጪ፣ የምትዘጋው እሷ ናት» አሏት።

«እንግዲያው እንደተከፈተ ይደር» አለች እህቴ።

በመጨረሻ ሁለቱም ዞር ሲሉ እኔ ዘጋሁት። የቤታችን ነገር እንዲህ ነው። አንዱ ያዝዛል፣ አንዷ እምቢ ትላለች፣ በሩን የሚዘጋው ሌላ ሰው ነው።

ስለ ትልቅ ነገር ተጣልተን ብናውቅ ደስ ባለኝ። ጠባችን ስለ ጫማ ነው፤ ስለ ማበጠሪያ ነው፤ ስለ ጀሪካን ነው። «ቦኖ ወርደሽ ውሃ ቅጂ» ስትባል አትሄድም። «ዛሬስ ቅሪ፣ ፀሐዩ ከብዷል» ስትባል ጀሪካኑን አንስታ ትወጣለች። ቀድታ ስትመለስ እናቴ «ምነው ዘገየሽ?» ካለቻት እዚያው ደጃፉ ላይ ትደፋዋለች። ከዚያ «አንቺ ስለጮህሽብኝ ነው የተደፋው» ትላለች። ለማስመሰል የምትለው እንዳይመስላችሁ፤ ከልቧ ነው። በእሷ ዓይን ሁልጊዜ የተበደለችው እሷ ናት።

አባየ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ሲያናግሯት በአማርኛ ትመልሳለች። ትምህርት ቤት መምህሯ በአማርኛ ሲጠይቃት በኽምጥኛ ትመልሳለች። መምህሩ የሌላ አገር ሰው ነው፣ አይሰማም። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።

ደግሞ አትረሳም። ዝቋላ የምትኖረው አክስቴ አንድ ፋሲካ እኛ ዘንድ ውላ «ጋጠወጥ» ብላት ሄደች። እህቴ ያን ቀን ምንም አላለችም። አክስቴ በዓመቱ ፋሲካን ልትውል ስትመጣ እህቴ የአክስቴን አንድ እግር ጫማ ሽንት ቤት ውስጥ ከተተችው። አክስቴ ጎርበጥባጣውን መንገድ በእናቴ ነጠላ ጫማ ተመለሰች።

ግጥም መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፣ የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ከዚህ ከተማ ልውጣ እያልኩ ስንቴ ሻንጣ እንዳሰርኩ እናቴ ትናገር። ነገር ግን ቃል ሲፈልግ የሚውል ሰው ፊት ማየት ይለምድበታል። እህቴ እምቢ ከማለቷ በፊት የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውስጥ ይገባል። እሱን ካየሁ በኋላ ምንም ቢባል ዋጋ የለውም። ለአባየ ስንት ጊዜ በዓይኔ ጠቆምኳቸው። እሳቸው ግን ከንፈር አያዩም፤ የሚያዩት በሩን ነው።

ሁሉም ሰው የየራሱን ምክንያት ነገረን። ጎረቤት «የመጨረሻ ልጅ ናት፣ ሞልቃቃ አድርጋችኋት ነው» አለ። የአባየ ጓደኞች «ዕድሜው ነው» አሉ። እናቴ «ከጦርነቱ ወዲህ ነው» ትላለች፤ ሸሽተን ከቆየንበት ስንመለስ ሌላ ልጅ ሆና ተመለሰች ባይ ናት። ቀጥሎም ጠበል ወሰደቻት።

እኔም አብሬ ሄጃለሁ። ሴቶቹ ከበው ቆመዋል፣ መንፈሱ እስኪለፈልፍ ይጠብቃሉ። አጥማቂው ውሃውን እያወረዱ «ተናገር! ማን ነህ?» ይላሉ። እህቴ ጥርሷን ነክሳ ዝም። በየቀኑ ወሰድናት፣ በየቀኑ ዝም። ከጎኗ ያሉት ሁሉ ሲጮኹ እሷ እንደ ቋሚ እንጨት ቆማ ትንቀጠቀጣለች፤ ከብርዱ ነው።

«ያንቺዋስ ድዳ መንፈስ ነው የያዛት» አለች አንዷ ሴት ለእናቴ። «የማይናገረው ነው ክፉው።»

እናቴ አለቀሰች። የእህቴ ዝምታ ራሱ ማስረጃ ሆነባት። ልፈልፊ ተብላ የምትለፈልፍ ልጅ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያስ ጠበል ምን አመጣት? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አጥማቂው ግን ሱባዔው ሲያልቅ እናቴን ለብቻዋ ጠርተው፣ «እኔ በልጅቱ ላይ ምንም አላየሁም። ጠበሉን ጠጥታለች፣ በረከት ነው። ሌላ ነገር ፈልጉላት» አሏት። እናቴ አላመነቻቸውም። ቤት ስንመለስ «አባ ደክሟቸው ነው» አለችኝ።

የብረቱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት እየተመታ ይጮኻል። ሐሙስ ጠዋት ሰልፍ ላይ መምህሩ «መስመርሽን ያዢ» አላት፣ አልያዘችም። «ተንበርከኪ» አላት፣ አልተንበረከከችም። እሱም በልጆቹ ፊት «እናትና አባት የሌለሽ ይመስል» አላት። የእረፍት ሰዓት ሲደርስ ደወል የሚደወልበት ብረት የለም። ከበለሱ አጥር ጀርባ ወዳለው ገደል እህቴ ወርውራዋለች። ሲጠይቋት «አዎ፣ እኔ ነኝ። እሱ ነው ያስወረወረኝ» አለች። የዚያን ቀን ትምህርት ሰዓቱ ጠፋበት። መምህሩ ከክፍል ክፍል እየዞረ በአፉ ሲጠራ ድምፁ ተዘጋ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ፣ «በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል። ያን ጊዜ የተበደለው ድንጋዩን ያወርድለታል፣ ነገሩ ያበቃል። ትምህርት ቤቱም ይህንኑ ተቀበለ፦ ሰኞ ጠዋት በተማሪው ፊት ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ያለዚያ ትባረራለች።

«አልሸከምም» አለች እህቴ።

«ካልተሸከምሽ ዝቋላ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» አሉ አባየ። «ፍየሎች አሏት። ፍየል ደብተር አይፈልግም።»

ጫማዋ ሽንት ቤት የገባባት አክስት ቤት ማለት ነው። ትምህርቷ እዚያ ያበቃል፤ በዓመት በሁለት ዓመት ደግሞ ባል ይመጣል። እናቴ ይህን ታውቃለች። አባየም ያውቃሉ። ሲናገሩ ፊታቸውን ከእኛ አዙረው ነበር።

ሆስፒታል የሚሠራ አንድ አብሮ አደጌ አለ። «እንዲህ ያለውን የምታይ ሲስተር አለች፣ የአእምሮ ጤና ክፍል» ሲለኝ ለእናቴ ነገርኳት።

«ልጄን እብድ ልታሰኛት ነው?»

«ጠበል ስትወስጃትስ ምን አሰኘሻት?»

ዓርብ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለበሰች፤ ሦስታችን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ሲስተሯ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ውጭ አግዳሚው ላይ ብዙ ሰው ይጠብቃል። እህቴ ገብታ በሩ አጠገብ ቆመች። «ልጄ፣ ተቀመጪ» አለች እናቴ። የእህቴ ከንፈር ወደ ውስጥ ገባ።

«ወንበሩ ያውና» አለች ሲስተሯ ቀና ሳትል። «መቆምም ይቻላል።» ከዚያ ረስታት ከእናቴ ጋር ማውራት ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ እህቴ ተቀመጠች። እናቴ አላየችም፣ እኔ አየሁ።

መጀመሪያ ጆሮዋን አስመረመረቻት፤ «የማይሰማ ልጅም እምቢተኛ ይመስላል» አለች። ጆሮዋ ደህና ነው። ከዚያ ጥያቄ ሆነ። እንቅልፏ? የምግብ ፍላጎቷ? ታለቅሳለች? ትፈራለች? ሰው ትደበድባለች፣ ትሰርቃለች፣ እንስሳ ታሠቃያለች? «ኧረ እንስሳ ትወዳለች!» አለች እናቴ። ቶሎ ትቆጣለች? ከትልቅ ሰው ጋር ትከራከራለች? ሆን ብላ ሰው ታናድዳለች? ጥፋቷን በሌላ ታላክካለች? ቂም ትይዛለች? እናቴ በየጥያቄው አዎ ስትል ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። እኔ ስለ ጫማው ነገርኳት። ሲስተሯ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፣ «ዓመት ሙሉ?» አለች።

«መቼ ጀመራት?»

«ከጦርነቱ ወዲህ» አለች እናቴ።

«ከዚያ በፊትስ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላት ለቁርባን አቅርበናት አፏን አልከፍትም ብላ ነበር። የያዛት ዲያቆን እንባው መጣ።

«ከዚያም በፊት ነበር» አለች እናቴ በመጨረሻ። «ጦርነቱ አባሰው እንጂ።»

«የማትጣላው ሰው አለ?»

አለ። ጎረቤታችን ዓይናቸው የማያይ አንዲት እማሆይ አሉ። እህቴ ውሃ ታመጣላቸዋለች፣ ዳዊት ታነብላቸዋለች። እናቴ ይህን ስትናገር ቅናት ነበረባት። «እኔን ግን...»

«እማሆይ ሲያዟት ምን ብለው ነው?»

አሰብኩ። እማሆይ አያዟትም። «ውሃዬ አልቋል» ይላሉ፣ ይጠብቃሉ። ይህን ስል ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

እኛን አስወጥታ እህቴን ለብቻዋ አነጋገረቻት። ስትወጣ «ምን አለችሽ?» አልኳት።

«ምንም።»

ከዚያ ሲስተሯ እኛን አስገባች። «ልጅ ሁሉ እምቢ ይላል፤ የእኔም ይላል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ይብሳል» አለች። «የምናየው ከእኩዮቿ ምን ያህል እንደሚበልጥ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ኑሮዋን ማበላሸቱን ነው። የእሷ ከወራት አልፎ ዓመታት ነው። ቤትም፣ ትምህርት ቤትም አለ። ትምህርቷን ሊያሳጣት ደርሷል። ይህ የእምቢተኝነት መታወክ ይባላል። ስሙን ግን ለእሷ አትንገሯት፣ ቤት ውስጥ ስድብ ይሆናል።»

«እንግዲያው መድኃኒቱን ስጪኝ» አለች እናቴ።

«ለዚህ የሚዋጥ አልሰጥሽም። ሥልጠና ነው። ለእናትና ለአባት።»

«ለእኛ?» እናቴ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «የኔታን ልታሠለጥኚያቸው?»

«ካመጣሽልኝ።»

የነገረችን ብዙ አልነበረም። ትእዛዙን ቀንሱ፣ የቀረችውን አትለዋውጡ። ከእሷ ጋር እየጮኻችሁ አትከራከሩ። ደግ ስትሠራ አይታችሁ ዝም አትበሉ። ሲቻል ሁለት ነገር ስጧትና ትምረጥ፤ ሁለቱም ግን እናንተ የምትቀበሉት ይሁን። እኔ መሃል ገብቼ «ተቃራኒውን ብናዛትስ? ‹ውሃ እንዳትቀጂ› ስንላት ትቀዳለች እኮ» አልኩ።

«ይሠራል። እስክታውቅባችሁ። ስታውቅ ደግሞ እውነቱን ብትነግሯትም አታምናችሁም። ተዉት።» ሰዓቷን አየች። «ቶሎ አይለወጥም። ይደክማችኋል።»

«ደክሞናል» አለች እናቴ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ አባየም አብረው አሉ። የሁሉ ታላቅ ከፃግብጂ መጥተው የቀሩ፣ ነገር በመቁረጥ የታወቁ አዛውንት ናቸው። እኔ ለመናገር ዕድሜዬ አይፈቅድም ነበር። ተነሣሁ።

«ሁለቱን ለያዩላት» አልኩ። «ወይ ድንጋዩን ትሸከም፣ ወይ ቃሉን ትናገር። እሷ ትምረጥ።»

«ዕርቅ ሥጋ ነው እንዴ የምትበልተው?» አሉ አዛውንቱ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ድንጋዩ ለምንድን ነው፣ አባቴ?»

«በደሌ ከብዶኛል ለማለት ነው።»

«ቃሉስ?»

«ያንኑ በአፍ ለማለት ነዋ!»

«እንግዲያው አንዱ አይበቃም?»

አዛውንቱ ወደ አባየ ዞሩ። «የኔታ፣ አንዷ እምቢተኛ፣ አንዱ ተከራካሪ። ከየት ነው ያመጧቸው?»

«ከእናታቸው» አሉ አባየ።

እንደገና ተሳቀ። አባየ ግን አልሳቁም፣ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው መሬት ያያሉ። ክርክሬ አሳምኗቸው አይመስለኝም። «እሺ፣ ትምረጥ» አሉ። «እኔ ዝቋላ ድረስ የምወስድበት ጉልበት የለኝም።» አዛውንቱም ይህን ሲሰሙ ነው የተረቱት። «እንግዲህ አባትየው ከፈቀዱ» አሉና ትከሻቸውን ሰበቁ።

እህቴን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁለቱን ምርጫ ነገርኳት።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ዝቋላ ነው።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ሽማግሌዎቹ።»

«ውሸታም። አንተ ነህ።» ከዚያ ፊቷን አዞረች። የቱን እንደመረጠች አልነገረችኝም። ሰኞ ጠዋት እናቴ እንጀራዋን ሳትቀምስ ቀረች፤ አባየ ልብሳቸውን ሁለት ጊዜ ቀየሩ፤ እህቴ ግን ጥርግ አድርጋ በልታ ቀድማን ወጣች።

ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል። መምህሩ ከሰንደቁ ሥር ቆሟል፣ ድምፁ ገና አልተመለሰለትም። አዛውንቱ አንዲት ድቡልቡል፣ ለልጅ የምትቀል ድንጋይ አዘጋጅተው በሩ አጠገብ አስቀምጠዋል። እህቴ አየቻት፣ አልፋት ሄደች። እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። እህቴ አጥሩ ጥግ ለግንብ ተብሎ ከተከመረው ውስጥ አንድ ትልቅ ድንጋይ መረጠች። ለእኔም ይከብደኛል። አንከባለለችው፣ ጉልበቷ ላይ አወጣችው፣ ወደቀ። እንደገና። አባየ ሊያግዟት ሁለት እርምጃ ሄዱ።

«አትንካው!» አለች።

አባየ ቆሙ። ተማሪዎቻቸው ፊት ሲያልፉ መንገድ የሚለቁላቸው ሰው እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

ድንጋዩ በመጨረሻ ትከሻዋ ላይ ወጣ። ጥቂት ሄዳ አወረደችው። ተነፈሰች። እንደገና። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ ሰለቻቸው፣ ከኋላ ያሉት ተቀመጡ። ግማሽ መንገድ ስትደርስ መምህሩ ወደ እሷ ተራመደ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፁ፣ «ይበቃል። ይቅር ብዬሻለሁ» አላት።

አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«አይበቃም» አለች እህቴ።

«ልጄ፣ ይቅር ተብለሻል እኮ። አስቀምጪው» አሉ አዛውንቱ።

«አልደረስኩም።»

ይቅርታውንም እምቢ አለች። አዛውንቱ ስንት ጠብ ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ሁላችንም ፀሐይ ላይ ቆመን ጠበቅናት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እንዲሁ አለፈ። ሰንደቁ ሥር ስትደርስ ድንጋዩን መምህሩ እግር አጠገብ ጣለችው። ትከሻዋ ተልጧል። «በድያለሁ» ግን አላለችም።

መምህሩ አዛውንቱን አያቸው።

«አንዱን ነው የተባለችው» አሉ አዛውንቱ። «አድርሳለች።»

መምህሩ ወደ እህቴ ዞረ። «ግቢ» ሊላት መሆኑን አወቅሁ፤ እሷም አውቃለች፤ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ልጮኽ ነበር። እሱ ግን አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሲስተሯ አላናገረችውም፣ ማንም አልመከረውም። ምናልባት ጉሮሮውን አሞት ይሆናል፤ ምናልባት እንደኛው ደክሞት ይሆናል።

«ሒሳብ ነው የምንማረው» አለ በሹክሹክታ። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ክፍል ሄደ። በሩን አልዘጋውም።

እህቴ ብቻዋን ቆመች። ቀሚሷን አራገፈች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኛን አየች። እናቴ «ሂጂ በላት» አለችኝ። «ዝም በይ፣ እማየ» አልኳት። እህቴ እዚያው ቆየች። ጠቅልላ ትወጣለች ብዬ የበሩን ቁልፍ የያዘውን ዘበኛ ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳላዘዛት ሰው፣ ክፍል ገባች።

ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ። እናቴ ወደ ገበያ ታጠፈች። እኔና አባየ መንገድ ዳር ግንብ ላይ ዐረፍ አልን። ቆሎ ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አፈር ነው።

«ያቺ ሲስተር» አሉ ቆይተው፣ «ወንድ ትቀበላለች?»

«ትቀበላለች።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ባጃጅ አለፈ፣ አቧራ ሸፈነን።

«ዛሬ ማታ እግሬን እንድታጥበኝ ፈልጌ ነበር» አሉ። «ምን ብዬ ልጠይቃት?»

«ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ብለው ይጠይቋት።»

ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ቀዝቃዛ ብትለኝስ?»

«በቀዝቃዛ ይታጠባሉ፣ አባየ።»